እህቴ ኤም ኤስ ነው ተባለች፤ በዘር ይተላለፋል? (ጥያቄውና መልሶቹ ባንድ ላይ)

ከአምስት ሳምንት በፊት እዚህ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። ክሩ እየረዘመ ሄደ። አሁን አሁን የሚገቡ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ ስለሚከብዳቸው ያንኑ መልሰው ይጠይቁኛል። ስለዚህ የጠየቅኩትንም የተመለሰልኝንም በራሴ ቃል ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። ቁጥሮቹ መልሶቹ የመጡበት ተራ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የመነሻው ጥያቄ

የምንኖረው አዳማ ነው። ሦስት እህትማማቾች ነን፤ ታላቋ እኔ ነኝ። ተከታዬ 27 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ቀኝ ዓይኗን ስታንቀሳቅስ ያማት ጀመር። ቀጥሎ በዚያ ዓይን የምታየው ሁሉ ጉም ለበሰባት። ቀይ ሻርፕዋ ታጥቦ የለቀቀ ይመስለኛል ትል ነበር። መነጽር ታዘዘላት። በወሩ ዓይኗ ሲመለስ፣ መነጽሩ ሠራ ብለን ተውነው። ከወራት በኋላ ግራ እግሯ ደነዘዘ። ሆዷ ዙሪያ ደግሞ መቀነት አጥብቀው ያሰሩባት ያህል ይጨንቃት ነበር። አንዱ ጨጓራ ነው አለ። አንዱ ብርድ ነው አለ። አንዱ ጭንቀት ነው ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጣት።

ለፋሲካ ሶደሬ ሄድን። ፍል ውሃው ውስጥ ትንሽ እንደቆየች ዓይኗ ጨለመ። ልትወጣ ስትል እግሯ አልታዘዝ አላት። ተሸክመን ጥላ ስር አስቀመጥናት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰላት። እናቴ ግን ውሃው ለክፏት ነው ብላ እዚያው አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አበባ ወስደን ኤምአርአይ ያስነሳናት። መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤም ኤስ ነው ተባለ። የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራስን ነርቭ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው አሉን። ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ተጻፈላት። ሐኪሙ የሰጠን ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም። በር ላይ ቆሜ የምጠይቀው ጠፋኝ።

ሁለት ነገር ነው የጠየቅኩት። አንደኛ፣ በዘር ይተላለፋል ወይ? ትንሿ እህታችን ሽማግሌ ሊመጣላት ነው። እናቴ ሠርጉ እስኪያልፍ የማንም ጆሮ እንዳይሰማ አስምላናለች። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ላይ የአንቲቦዲ ምርመራ ቢሠራ ይመከራል የሚል አንድ መስመር አለ። ማንም አላስረዳንም። መርፌው ከመጀመሩ በፊት መሠራት ያለበት ነገር ነው ወይስ ቢቆይም ችግር የለውም?

መልስ 1

ቀድመው የመጡት አንድ አጠቃላይ ሐኪም ናቸው። እግዜር ይማርልን ካሉ በኋላ የጀመሩት ከሶደሬው ነው። ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1890 ሕመምተኞቹ ጉልበት የሚፈልግ ሥራ ሲሠሩ ዓይናቸው እንደሚደክም ጽፎ ነበር። ጥፋቱ የሙቀት መሆኑ የተለየው በኋላ ነው፤ ክስተቱ ግን እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ማይሊን የሚባለው የነርቭ ሽፋን በተላጠበት ቦታ መልእክቱ ድሮም የሚያልፈው በጭንቅ ነው። ሰውነት ሲሞቅ ጭራሽ ይቆማል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አዲስ ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም። ኤምአርአይ ባልነበረበት ዘመን ሐኪሞች የጠረጠሩትን ሰው ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ይፈትኑት ነበር ብለዋል።

ይህንን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልክፍት የሚለውን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። የቀረው መልስ ሁሉ ባይመጣ እንኳ ለእኔ ይሄ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

መልስ 2፣ 3 እና 4

ሁለተኛው ጸሎት ነው፤ አሜን ብያለሁ። ሦስተኛው መድኃኒቱን ትታ ጠበል ትግባ የሚል ነበር። አራተኛው ዲያቆን መሆኑን ገልጾ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም ብሎ በጨዋ ቋንቋ መለሰለት። እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለእሷ ቀዝቃዛ ጠበል እንጂ ፍል ውሃ አይሆናትም።

መልስ 5

ይሄን የጻፈው ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ነው። ስለ ዘር በደንብ የገባኝ ከእሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ኤም ኤስ ከወላጅ ወደ ልጅ ቀጥ ብሎ የሚወርድ በሽታ አይደለም። አንድ የኤም ኤስ ዘረመል የሚባል ነገር የለም። በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ትልቅ የዓለም አቀፍ ጥናት ከበሽታው ጋር የተያያዙ 233 የዘረመል ቦታዎችን ለይቷል። አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ዕድል በጣም ትንሽ ነው። አብዛኞቹ የሚገኙትም ከመከላከያ ሕዋሳት ሥራ ጋር በተያያዙ ቦታዎች ነው።

ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ኤችኤልኤ የሚባለው ቡድን ነው። ይህ ቡድን ከበሽታው ጋር መያያዙ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል። የእነዚህ ዘረመሎች ሥራ ሕዋስ ውስጥ ያገኙትን የፕሮቲን ቁራጭ አውጥተው ለመከላከያ ሕዋሳት ማሳየት ነው። መከላከያው ቁራጩን አይቶ የኛ ነው ወይም ባዕድ ነው ብሎ ይፈርዳል። ዲአርቢ1 15፡01 የሚባለውን ዓይነት ይዞ የተወለደ ሰው የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ደንግጬ ነበር። መምህሩ ግን ወዲያው አረጋጋኝ። በሰሜን አውሮፓ ከአራት ጤነኛ ሰው አንዱ ያንኑ ዓይነት ይዞ ይኖራል፤ እድሜ ልኩንም አይታመምም። በሽታውን ለማረጋገጥ የዘረመል ምርመራ የማይታዘዘውም ለዚህ ነው። የመንትዮቹ ነገር ደግሞ ይበልጥ ገላጭ ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ነው። አንዷ ብትታመም ሌላዋ የምትታመመው ከአራት ጊዜ በአንዱ ገደማ ነው። በዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ ሁለቱም በታመሙ ነበር።

መንታ ላልሆኑ እህትና ወንድሞች ቁጥሩ ከመቶ ሦስት አካባቢ ይወርዳል። ለልጅ ከመቶ ሁለት ገደማ ነው። ቁጥሩ የተሰበሰበው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው። በዚያ ቤተሰቡ ውስጥ ታማሚ የሌለበት ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሺህ ሁለት ሦስት ነው። ስለዚህ ለእህት ይጨምራል፤ ግን ከመቶ እህቶች 97ቱ አይታመሙም። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ለትንሿ እህቴ ሰጠኋት። ቦርሳዋ ውስጥ አላት።

መልስ 6 እና 7

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። ስድስተኛው፣ በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣውን የጥንታዊ አፅም ጥናት ጠቅሶ መጣ። ጥናቱ የኤም ኤስ ተጋላጭነት የሚጨምሩት ዘረመሎች የዛሬ 5 ሺህ ዓመት ገደማ ያምናያ ከሚባሉ የምሥራቅ አውሮፓ ሜዳ ከብት አርቢዎች ጋር ወደ ሰሜን ምዕራብ አውሮፓ እንደገቡ ያሳያል። እስከዚህ ልክ ነው። እሱ ግን ከዚህ ተነሥቶ በሽታው የፈረንጅ ነው፣ ሐበሻን አይይዝም፣ የእህትሽ ምርመራ ስህተት ነው ብሎ ደመደመ።

ሰባተኛዋ አልማረችውም። ጥናቱን ሳታነበው ነው ያወራኸው አለችው። ጥናቱ የሚያስረዳው ሰሜን አውሮፓ ላይ ለምን እንደበዛ ነው፤ ሌላው ዓለም ነፃ ነው አይልም። በ2013 ከደቡብ ካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት አዲስ የሚታመሙ ጥቁር ሴቶች ቁጥር ከነጮቹ በልጦ አግኝቶታል። አገራችን ብርቅ ነው የሚባለው በከፊል ኤምአርአይና የነርቭ ሐኪም ብርቅ ስለሆኑ ነው አለች። ስድስተኛው ስድብ ቀላቅሎ መለሰ። አስተባባሪው ስድቡን አጠፋው። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። እህቴ ሦስት ቦታ ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው፣ ጭንቀት ነው ስትባል ያየሁ ሰው፣ የለም የሚለውን ቃል መስማት አልችልም።

መልስ 8

የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ስለ አንቲቦዲው መስመር የመለሰልኝ እሱ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ባልልክለት ኖሮ ዛሬ መርፌው ተጀምሮ ነበር።

አንቲቦዲ መከላከያችን ባዕድ ነገር ላይ የሚያነጣጥረው ፕሮቲን ነው። ኦቶአንቲቦዲ የሚባለው ዞሮ የራስን አካል ሲያነጣጥር ነው። ኤም ኤስን ለይቶ የሚያረጋግጥ አንድ የደም ኦቶአንቲቦዲ የለም። በ2012 ኪር 4.1 በሚባል ፕሮቲን ላይ የሚያነጣጥር ተገኘ ተብሎ ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎ ነበር። ሌሎች ላብራቶሪዎች ደግመው ሲሠሩት አልወጣም። ለኤም ኤስ የሚረዳው የጀርባ ውሃ ምርመራ ነው። እዚያ ውስጥ ደም ላይ የማይታዩ የአንቲቦዲ መስመሮች ተደርድረው ይወጣሉ፤ ኦሊጎክሎናል ባንድ ይባላሉ። አውሮፓውያን ሕመምተኞች ላይ ከአሥሩ በዘጠኙ ይገኛሉ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነው። ኤም ኤስን የሚመስሉ ሁለት በሽታዎች አሉ፤ ሁለቱም የራሳቸው አንቲቦዲ አላቸው። የመጀመሪያው በተለይ የዓይን ነርቭንና ኅብለ ሰረሰርን የሚያጠቃው ኒውሮማይላይቲስ ኦፕቲካ ነው። ዴቪክ የተባለ ፈረንሳዊ በ1894 ስለገለጸው የዴቪክ በሽታ ሲባል ኖሯል። መቶ ዓመት ያህል ብዙዎች የኤም ኤስ ዓይነት አድርገው ቆጥረውታል። በ2004 አሜሪካ ያለው የሜዮ ክሊኒክ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ደም ውስጥ ልዩ አንቲቦዲ አገኙለት። በዓመቱ አንቲቦዲው የሚያነጣጥረው አኳፖሪን 4 የተባለ የሕዋስ የውሃ በር ላይ መሆኑ ታወቀ። ሁለተኛው ሞግ በሚባል የማይሊን ፕሮቲን ላይ የሚያነጣጥረው ነው።

መለየቱ ለምን ያስፈልጋል? ኢንተርፌሮን የኤም ኤስ መድኃኒት ነው፤ የዴቪክ በሽታ ያለበት ሰው ከወሰደው ሊያብስበት ይችላል። ፊንጎሊሞድና ናታሊዙማብ የሚባሉት ሌሎች የኤም ኤስ መድኃኒቶችም እንደዚሁ ናቸው። ጥቁር ሕዝቦች ላይ የዴቪክ በሽታ ከነጮች ይልቅ በብዛት ይታያል። ስለዚህ እኛ አገር ኤም ኤስ ተብሎ መርፌ ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው። ናሙናው ደም ነው፤ ጀርባ መወጋት አይፈልግም። ስቴሮይድ ወይም የደም ፕላዝማ ማጣራት ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል።

በዚያው ምሽት ለሐኪሙ ደወልን። መርፌው እንዲቆይ ተስማማ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄበታለሁ። አንድ መስመር ጽፎ ከመሸኘት ሁለት ደቂቃ ጨምሮ ቢያስረዳን ምን ነበረበት?

መልስ 9

ይሄኛውን ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጻፈው ባለትዳር ሰው ነው። ሚስቱን ስቅታ ያዛት። ቀን ከሌሊት ለሦስት ሳምንት ስቅታና ትውከት። የጨጓራ መድኃኒት በየዓይነቱ ዋጠች። ስቅታው በራሱ ጊዜ ተወ። ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱም ዓይኖቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠፉ። ኤም ኤስ ተባለች፤ ኢንተርፌሮን ጀመረች። በመርፌው ላይ ሳለች ሁለቱም እግሮቿ ሰለሉ። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም የስቅታውን ታሪክ ሰምቶ ደሟን አስላከ። አኳፖሪን 4 ፖዘቲቭ ሆነ። የአንጎል ግንድ ላይ ትውከትን የሚቆጣጠረው ቦታ አኳፖሪን የበዛበት ስለሆነ፣ የማያቋርጥ ስቅታ የዚህ በሽታ መጀመሪያ ምልክት ሊሆን እንደሚችል የሰማው ያኔ ነው። አሁን ግራ ዓይኗ ብርሃን ብቻ ይለያል። ሰውየው ማንንም አልወቀሰም። እባካችሁ ደሙን ሳታስልኩ እንዳትጀምሩ ነው ያለኝ።

መልስ 10 እስከ 13

ክሩ ወደ ወንጂ ሄደ። አንድ የወንጂ ልጅ፣ እግር የሚይዘው የስምጥ ሸለቆ ውሃ ነው፣ ጥርሳችንን እዩት አለ። ሌላው ዝም በል ብሎ አጣጣለው። የወንጂው ልጅ ተሳስቷል እንጂ ዝም የሚያሰኝ ነገር አልተናገረም። የመጀመሪያው ሐኪም ተመልሰው መጥተው አስታረቋቸው። የወንጂ ፍሎራይድ እውነት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ሠርተው አሳይተውታል። ለብዙ ዓመት ብዙ ፍሎራይድ የጠጣ ሰው አጥንቱ ይወፍራል፤ የወፈረው አከርካሪ ኅብለ ሰረሰሩን ሲጫን እግር ይሰልላል። ግን የአጥንት ጉዳይ ነው፤ በራጅ ይታያል። ዓይን አያጠፋም፤ አንዴ መጥቶ አንዴ አይሄድም።

ቀጥሎ የጓያ ነገር ተነሣ። የድርቅ ዘመን ጓያ በልቶ ሽባ የሆነ አያት ያለው ሰው ጻፈ። የእሱም ልክ ነው፤ በሽታው ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ የደመደሙት እንዲህ ነው፦ እኛ አገር እግሩ የሰለለ ሰው ሲመጣ የአከርካሪ ቲቢ፣ ጓያ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ኤችአይቪ አስቀድመው ይታሰባሉ። መታሰባቸውም ተገቢ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ጥርስ ማንጫ አሥራ አምስት መልእክት ተጻፈ፤ እሱን ትቼዋለሁ።

መልስ 14፣ 15 እና 16

14ኛው እናቴን ሰደበ። በሽታ ደብቆ ልጅ መዳር ማታለል ነው፣ የሰው ቤት ማቃጠል ነው አለ። አንብቤ እጄ ተንቀጠቀጠ። 15ኛዋ ተነሥታበት፣ አንተ ስታገባ የቤተሰብህን ስኳርና የሚጥል በሽታ ዘርዝረህ ነበር ወይ አለችው። የምትዳረዋ ሌላዋ እህት ናት፣ ከመቶ 97 የሚለውን አላየህም ወይ ስትልም ጨመረች።

16ኛዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ለሁለቱም ቀስ በሉ አሉ። እናትሽ የፈሩት በሽታውን አይደለም፤ የሰውን አፍ ነው። የሰው አፍ ደግሞ የሚበረታው የተደበቀ ነገር ላይ ነው። ሽማግሌ የሚከብደው ዘግይቶ የሰማው ነው እንጂ ቀድሞ የተነገረው አይደለም አሉኝ። ለእናቴ አነበብኩላት። ያን ቀን መልስ አልሰጠችኝም።

መልስ 17፣ 18 እና 19

አንዱ፣ ዘሩ ይህን ያህል ደካማ ከሆነ ቀሪው ከየት ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱ ያስገርማል። ኤፕስታይንና ባር የተባሉ ሰዎች በ1964 ከኡጋንዳ በመጣ የልጆች ዕጢ ውስጥ ያገኙት ቫይረስ አለ፤ በስማቸው ይጠራል። በ2022 የወጣ ጥናት ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መዝገብና የተከማቸ ደም ተጠቅሟል። ከእነሱ 955ቱ ኤም ኤስ ያዛቸው። በዚህ ቫይረስ ከተለከፉ በኋላ የመታመም ዕድላቸው 32 እጥፍ ጨምሯል። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች የቫይረሱን ፕሮቲን የሚያጠቃው አንቲቦዲ ግሊያልካም የተባለውን የአንጎል ፕሮቲንም እንደሚያጠቃ አሳዩ። ይህ የታየው ከአራት ወይም ከአምስት ሕመምተኛ በአንዱ ላይ ነው። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ መከላከያው ይሳሳታል ማለት ነው። ዲአርቢ1 15፡01ን ይዞ የተወለደና የቫይረሱ አንቲቦዲ ደሙ ውስጥ የበዛ ሰው ደግሞ ዕድሉ ከሁሉም ይብሳል። ዘሩና አንቲቦዲው የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው።

18ኛው ሁላችንም ቫይረሱ አለብን፣ ታዲያ ለምን አልታመምንም አለ። ጥያቄው ጥሩ ነው። አብዛኛው ሰው አለበት፤ ቫይረሱ ብቻውን አይበቃም። በልጅነት ሳይሆን በጉርምስና የተያዘና በዚያው ታሞ የተኛ ሰው ላይ ዕድሉ ይጨምራል። ሲጋራም፣ በጉርምስና ከልክ በላይ መወፈርም፣ የቫይታሚን ዲ ማነስም ይጨምራሉ።

19ኛዋ በ2024 ኔቸር ሜዲሲን ላይ የወጣውን አመጣች። ከሕመምተኞቹ ከአሥር አንዱ ላይ ምልክት ከመታየቱ ዓመታት ቀድሞ ደም ውስጥ ልዩ የኦቶአንቲቦዲ አሻራ ተገኝቷል። እኔም ወዲያው ለትንሿ እህቴ ማሠራት አለብኝ ብዬ ጻፍኩ። የላብራቶሪው ሰው ቆጣ ብሎ አስቆመኝ። የምርምር ውጤት ነው፣ ክሊኒክ የሚታዘዝ ምርመራ አይደለም፤ ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ላይ የለም፣ ኔጋቲቭ ቢሆን ምን ልትይ ነው አለኝ። ልክ ነበር።

መልስ 20 እና 21

20ኛዋ ፋርማሲስት ናት። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ለኤም ኤስ ሦስት መድኃኒቶችን አስገብቷል፤ ክላድሪቢን፣ ግላቲራመርና ሪቱክሲማብ። ሪቱክሲማብ ለዴቪክ በሽታም ይሠራል። አንቲቦዲ የሚያመርቱት ሕዋሳት የሚወለዱባቸውን ቢ ሕዋሳት ያጠፋል። ከመጀመሩ በፊት የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራ ግድ ነው፤ ቲቢም አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው አለች። ተኝቶ የነበረ የጉበት ቫይረስ ከመድኃኒቱ ጋር ተነሥቶ ጉበት ሊገድል ይችላል።

21ኛው፣ አንድ መድኃኒት ለሁለቱም ከሠራ ደሙን ማስላክ የብር ብክነት ነው ሲል ተከራከረ። የላብራቶሪው ሰው መለሰለት። በዴቪክ በሽታ አንድ ጥቃት ብቻ ዓይን ሊወስድ ይችላል፤ መድኃኒቱ የሚቋረጥበት ጊዜ የለም። የሞግ በሽታ ደግሞ አንዳንዴ አንዴ መጥቶ ላይመለስ ይችላል። ስሙን ሳያውቁ እስከ መቼ እንደሚወስዱት መወሰን አይቻልም አለው። የባለትዳሩ ሰው ታሪክ እያለ ብክነት የሚለውን ቃል መጻፍ ከበደኝ፤ ይህንኑ ነገርኩት። ይቅርታ ጠየቀ።

መልስ 22

ይሄኛው የእኔ ነው። ደሟ አዲስ አበባ ባለ ላብራቶሪ በኩል ወደ ውጭ ተልኮ ውጤቱ መጣ። አኳፖሪን 4 ኔጋቲቭ፤ ሞግም ኔጋቲቭ። የጀርባ ውሃዋ ላይ ኦሊጎክሎናል ባንድ ተገኘ። ኤም ኤስ ነው። አሁን ግን በደንብ ታይቶ ነው የተባለው። የጉበት ቫይረስና የቲቢ ምርመራዋ ነፃ ሆነ። ከሌላ ሐኪም ጋር ተነጋግረን ሪቱክሲማብ ልትጀምር ነው።

መልስ 23

አሥር ዓመት ከበሽታው ጋር የኖረች ሴት ጻፈችላት፤ ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለእህቴ። ሁለት ልጆች አሏት። እርግዝና ላይ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በሽታው ረገብ እንደሚል፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ግን ሊነሣ እንደሚችል ነገረቻት። ስለዚህ ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር ጊዜውን ታስላ። ስለ አዳማ ሙቀትም ጻፈች። በጠዋት ገበያ፣ በቀትር ቤት፣ አንገት ላይ እርጥብ ሻሽ። ቡና ስታፈላ ከሰሉ ፊቷን ስለሚመታት አሁን የምታፈላው ልጇ ናት፤ እሷ የምትቆላው ከሩቅ ተቀምጣ በመስኮት በኩል ነው። እህቴ ይህን አንብባ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ከልቧ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

መልስ 24

ሽማግሌዎቹ ባለፈው እሁድ መጡ። ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ነው የምጽፈው። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ እናቴ ራሷ አነሣችው። ልጄ የነርቭ ሕመም አለባት፣ ስሙ ይሄ ነው፣ የምትታከመው እዚህ ነው አለች። ትንሿ እህቴ ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ለታላቁ ሽማግሌ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መድኃኒቱ ይገኛል ወይ? ቀኑ ተቆርጧል።

መልስ 25

ትናንት ማታ አንድ ሰው ከአሰላ ገባ። ወንድሙ 31 ዓመቱ ነው። ኤም ኤስ ተብሎ ኢንተርፌሮን ተጽፎለታል፤ የአንቲቦዲ ምርመራ አልታዘዘለትም። ቀደም ብሎ ስቅታ ይዞት ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ለአሥር ቀን ይዞት ነበር አለኝ። ደሙን ያስላክንበትን መንገድ በውስጥ መልእክት ሰጠሁት። ሐኪሙንም አናግረው መርፌው እንዲቆይ ሆኗል። ዛሬ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ አዳማ ላይ ደውሎልኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደሙን ሰጥተዋል። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።